ፓርከር 51፦ የሉስትራሎይ፣ የብርና የወርቅ ልብጥ ክዳኖች ጎን ለጎን

የቀለም_ቀንድ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ፓርከር 51 ኒብ (የሚጽፈው የብረት ምላስ) እና ቀለም እዚህ ብዙ ተወርቷል። ስለ ክዳኑ ብረት ግን በአማርኛ የተጻፈ ነገር ፈልጌ አጣሁ። አሁን አራት ክዳኖች አንድ ላይ እጄ ገብተዋል፤ ሁለቱ የራሴ ናቸው፣ ሁለቱን አንድ ወዳጄ ለማወዳደር አውሶኛል። ያየሁትን ልንገራችሁና እናንተ የምታውቁትን ጨምሩበት። መጨረሻ ላይ አንዱን መርጬ በየቀኑ ወደ ሥራ ይዤው ልሄድ ነው።

ለብዕሩ አዲስ የሆነ ሰው ካለ፦ ፓርከር 51 መጀመሪያ የተሠራው በዊስኮንሲን ግዛት፣ ጄንስቪል ከተማ ነው። ኩባንያው የተቋቋመው በ1888 ሲሆን ብዕሩ ስሙን ያገኘው ንድፉ በ51ኛው ዓመት፣ በ1939 ስለተጠናቀቀ ነው። አሜሪካ ውስጥ በሰፊው ገበያ ላይ የዋለው በ1941 ነው፤ እስከ 1972 ድረስም ተመርቷል (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ቀፎው ሉሳይት የሚባል ፕላስቲክ ነው። ኒቡ 14 ካራት ወርቅ ቢሆንም ከሽፋኑ ስር ስለተደበቀ ብቅ የሚለው ጫፉ ብቻ ነው። ስለዚህ ዓይን የሚያየው ብረት ከሞላ ጎደል ክዳኑ ነው። አንዱኑ ጥቁር ቀፎ በአራቱም ክዳኖች እየከደንኩ ሞክሬዋለሁ፤ በእያንዳንዱ ሌላ ብዕር ይመስላል።

ሉስትራሎይ ሲሉት የተለየ ብረት ይመስላል እንጂ ነገሩ የማይዝግ ብረት ነው፣ ስሙን ያወጣው ፓርከር ነው። ልዩነቱ ገጹ ላይ ነው። የወደቀበትን ብርሃን በትኖ፣ ለስለስ ባለ ግራጫ ነው የሚመልሰው። የጣት አሻራ አይቀርበትም። የእኔው ክዳን ክሊፑ በሚነካው መስመርና በአፉ ዙሪያ ብቻ ማንጸባረቅ ጀምሯል፤ ለብዙ ዓመታት ከኪስ ሲወጣና ሲገባ የተወለወለ ነው።

ሁለተኛው የ51 ስፔሻል ክዳን ነው። ስፔሻል በ1950 የወጣ፣ በዋጋው ዝቅ ያለ ዓይነት ነው፤ ኒቡም ወርቅ ሳይሆን ኦክታኒየም የተባለ የስምንት ብረቶች ቅይጥ ነው። ክዳኑ ያው የማይዝግ ብረት ነው፣ ግን ፊት እስኪያሳይ ድረስ ተወልውሏል። የሻጮች ፎቶ ላይ ከሉስትራሎይ ለመለየት ያስቸግራል። እጅ ላይ ሲያዝ ግን አያከራክርም። መስኮት አጠገብ ተቀምጬ ስጽፍበት ብርሃኑ ዓይኔ ውስጥ ይገባል፣ እያንዳንዷ ጭረትም ትቆጠራለች።

ሦስተኛው የወዳጄ ነው፣ ስተርሊንግ ብር። ነጭነቱ ሌላ ነው፤ ሞቅ ያለና ወደ ቢጫ ትንሽ የሚያደላ። ሁለቱን ብረቶች አጠገቡ ሳስቀምጣቸው ሰማያዊ መሰሉኝ። ሲነኩት መጀመሪያ ይቀዘቅዛል፣ ወዲያው ግን የእጅን ሙቀት ይወስዳል። አፉ ላይ ሁለት ቦታ ሰርጎድ ብሏል፣ በክሊፑ ስርም ጠቁሯል።

አራተኛው እንግሊዝ አገር በኒውሄቨን የተሠራ ወርቅ ልብጥ ነው። ከላይ እስከ ታች ቀጫጭን መስመሮች ወርደውበታል፤ አፉ አጠገብ አንድ አሥረኛ፣ 12 ካራት የሚል ጽሑፍ አለው። ከጥቁሩ ቀፎ ጋር ሲሆን እጅግ ያምራል። እውነቱን ለመናገር ቢሮ ይዤው ብገባ ሰው ሁሉ የሚያየው እሱን እንደሆነ አውቃለሁ፣ እኔ ደግሞ እሱን አልፈልግም።

ጥያቄዬ፦ ለየቀኑ ሥራ የትኛው ይበረታል? የወዳጄን የብር ክዳን ሳልመልስ በፊት ላጽዳው ወይስ እንዳለ ልመልሰው?

---

ሰገነት_ላይ (አዲስ አበባ)

እህቴ፣ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ከረጅም ጊዜ በኋላ አነበብኩ፣ ተባረኪ።

የእኔ መልስ ሉስትራሎይ ነው፤ ምክንያቴ ግን ጥንካሬው ብቻ አይደለም። በጥንካሬ ከሆነ ስፔሻሉም ያው ብረት ነው። ሉስትራሎይ ላይ ያለው ያ ለስላሳ ግራጫ ገጽ ከፋብሪካ አንዴ የወጣ ነገር ነው። ከጠፋ ቤት ውስጥ የሚመልሰው የለም። ስለዚህ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ማረጋገጥ ያለበት ገጹ በቦታው መኖሩን ነው።

ዛሬ በኢንተርኔት የሚሸጡትን ብዙዎቹን ተመልከቷቸው። ሻጩ «እንደ አዲስ አድርጌዋለሁ» ብሎ በማሽን ወልውሎ፣ ሉስትራሎዩን አንጸባራቂ አድርጎ ያቀርበዋል። ገዢውም አዲስ መሰለኝ ብሎ ይደሰታል። እንዴት ይታወቃል? ክሊፑ ከክዳኑ ጋር የሚገናኝበትን ጥግ በማጉያ መነጽር እዩ። የመወልወያው ጎማ እዚያ ስለማይደርስ ጥጉ ፈዝዞ ሌላው ካንጸባረቀ ገጹ ተፍቋል ማለት ነው። ሁለተኛ፣ አፉ አጠገብ የተቀረጸውን ጽሑፍ እዩ። የፊደሎቹ ጠርዝ ስል መሆን አለበት፤ ከተድበለበለ ብረቱ ተበልቷል።

አንቺ የገለጽሽው ዓይነት፣ በክሊፑ መስመርና በአፉ ብቻ የተወለወለው፣ ጤነኛ ነው። እጅና ኪስ የሚነኩት ቦታ ብቻ ነው የነጻው። እንዳትነኪው።

---

ድርሰት_አፍቃሪ

ሉስትራሎይ። ፎቶ ብትጨምሪበት ደግሞ ጥሩ ነበር፣ በተለይ ብሩና ብረቱ ጎን ለጎን።

---

የቀለም_ቀንድ

ፎቶ አንስቼ ነበር፣ ግን የስልኬ ካሜራ ሁሉንም አንድ ዓይነት ግራጫ ያደርጋቸዋል። ጥላ ውስጥ፣ ከነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጬ እንደገና እሞክራለሁ።

@ሰገነት_ላይ፣ የክሊፑን ጥግ አየሁት። ዙሪያው ሁሉ ከሌላው ገጽ ጋር አንድ ነው። አመሰግናለሁ።

---

የአንጥረኛ_ልጅ (አዲስ አበባ)

ስለ ብሩ እኔ ልመልስ፤ ከአባቴ የተማርኩት ሙያ ነው።

ብርን የሚያጠቁረው ሰልፈር ነው። አየር ውስጥ ካለው ጥቂት የሰልፈር ጋዝ ጋር ተገናኝቶ ጥቁር ሽፋን ይሠራል። ይህን የሚያፋጥኑ ነገሮች ቤታችን ሞልተዋል፦ እንቁላል፣ ሱፍ፣ ጎማ። የብር ብዕርን በላስቲክ አስሮ ማስቀመጥ ወይም በሱፍ ጨርቅ ጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ መተው ሆን ብሎ እንደማጥቆር ነው። በጥጥ ጨርቅ ይጠቅለል። ከሁሉ የሚሻለው ግን መያዝ ነው። ዕለት ዕለት አንገት ላይ የሚውል የብር መስቀል ሳጥን ውስጥ ከተቀመጠው ያነሰ የሚጠቁረው ልብስና ቆዳ ስለሚያሹት ነው፤ የብዕር ክዳንም እንዲሁ ነው።

ስተርሊንግ ማለት ከ1000 እጁ 925 ብር ነው፤ ቀሪው አብዛኛውን ጊዜ መዳብ ነው። አገራችን ጌጥ እየተባለ የቀለጠው ማርትሬዛ 833 ገደማ ነው። መዳቡ ስለሚበዛ ማርትሬዛ ይበልጥ ይጠነክራል፤ ስተርሊንግ ደግሞ ይነጣል፣ ግን ይለሰልሳል። የክዳኑ ግድግዳ ስስ ስለሆነ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ሲወድቅ ይሰረጉዳል። ያየሽው ሁለት ስርጉድ ከዚያ የመጣ ነው። የሚቃና ነው፣ ነገር ግን ከውስጥ በልኩ የተሠራ ዘንግ ይፈልጋል፣ የውስጡ መያዣም ቀድሞ መውጣት አለበት። ብዕር ነቅሎ ለማያውቅ ሠራተኛ አትስጪ፤ ቀለበት የሚያቃና ሁሉ ክዳን አያቃናም።

ለማጽዳት፦ ለብ ያለ ውሃ፣ ጠብታ ላርጎ፣ ለስላሳ ጨርቅ፣ ከዚያ ወዲያው ማድረቅ። ጥቁረቱ ካልለቀቀ ለብር ተብሎ የሚሸጠው መወልወያ ጨርቅ አለ፣ በእሱ ቀስ ብሎ ማሸት ነው። የማይነካውን ልንገርሽ። አመድና ሎሚ ለድስት ነው። የጥርስ ሳሙና ውስጡ የሚፍቅ ዱቄት ስላለው በእያንዳንዱ ማሸት ብር ይወስዳል። በረኪና ብርን ያጠቁራል፤ የማይዝግ የሚባለውንም ብረት ነጥብ ነጥብ አድርጎ ይበሳዋል፣ ስለዚህ ለሉስትራሎይም አይሆንም።

የወዳጅሽን ክዳን በጨርቅ ብቻ አሽተሽ መልሽለት። ከክሊፑ ስር ያለውን ጥቁረት ተይው፣ የእሱ ንብረት ነው፣ እሱ ይወስን።

---

ማኅደር21

ጋሼ፣ ስለ አሉሚኒየም ፎይልና ሶዳስ? ሙቅ ውሃ ውስጥ ከተው ብሩ በደቂቃ ሲነጣ ቪዲዮ ላይ አይቻለሁ።

---

የአንጥረኛ_ልጅ

ይሠራል፣ ጥሩ ዘዴም ነው። ሰልፈሩ ብሩን ትቶ ወደ አሉሚኒየሙ ስለሚሄድ ብሩ አይፋቅም። ለሰንሰለት፣ ለማንኪያ እሺ። ለብዕር ክዳን ግን ሁለት እንቅፋት አለበት። አንደኛ፣ ክዳኑ ውስጥ ፕላስቲክና መያዣ ብረት አለ፣ ሙቅ ውሃ ለእነሱ አይስማማም። ሁለተኛ፣ ቅርጽ የተቀረጸበት ብር ከሆነ በመስመሮቹ ውስጥ ያለውን ጥቁረት ሁሉ ያወጣዋል፤ ቅርጹ የሚታየው ደግሞ በዚያ ጥቁረት ነው።

---

ሰባ_አምስቷ (ሃይፋ)

የአንጥረኛው ልጅ የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር የሚመለከተኝ ስለሆነ ልግባ። እኔ የምጽፈው በፓርከር 75 ሲዘሌ ነው። 75 ፓርከር ለ75ኛ ዓመቱ ያወጣው ብዕር ነው፣ በ1960ዎቹ። 51 ላይ ብሩ ክዳኑ ብቻ ነው፤ 75 ሲዘሌ ላይ ግን ክዳኑም ቀፎውም ስተርሊንግ ነው፣ በላዩም ትናንሽ አራት ማዕዘኖች ተቀርጸውበታል። በማዕዘኖቹ መካከል ያሉት መስመሮች ከፋብሪካ ሲወጡ ጀምሮ ጥቁር ናቸው። ያ ጥቁር ሲጠፋ ብዕሩ ጠፍጣፋ ነጭ ቱቦ ይሆናል፤ ከሩቅ ቅርጹ ፈጽሞ አይታይም።

አንዳንድ ሰው «የቆሸሸ ነው» ብሎ ፈሳሽ ውስጥ ይነክረዋል። የነከሩትን ያየ ሰው ይለየዋል። ጎልተው የወጡት ማዕዘኖች በጨርቅ ይታሻሉ፣ መስመሮቹ ይተዋሉ፤ የሲዘሌ አያያዝ በሙሉ ይኸው ነው። በእጅ ስትይዘው ራሱ ይህን ይሠራል፦ ጣት ከፍ ያለውን ያነጣል፣ ዝቅ ያለውን አይደርስበትም። ስለዚህ እየተጻፈበት የሚያምር ብረት ካለ እሱ ነው እላለሁ።

በ1715 ፍሎሪዳ ባሕር ዳርቻ ከሰጠሙት የስፔን መርከቦች በወጣ ብርም 75 ተሠርቷል፣ በ1965፣ 4,821 ብዕሮች። ተራው 75 በ25 ዶላር ሲሸጥ ያ በ75 ዶላር ነበር። እኔ አንድም በእጄ ይዤ አላውቅም፣ ግን አንድ ቀን ማየት እፈልጋለሁ።

---

ዶሃ_ማስታወሻ

ወርቅ ልብጡን ማንም አልነካውም፣ እኔ ልከራከርለት።

ሰዎች ወርቅ ልብጥና ወርቅ ቅብ አንድ ይመስላቸዋል፣ አይደሉም። ልብጥ ማለት የወርቅ ሉህ ከናስ ሉህ ጋር በሙቀትና በግፊት ተጣብቆ፣ ከዚያ አብሮ ተዳምጦ የሚሠራ ነው። ቅብ ግን በኤሌክትሪክ ፈሳሽ ውስጥ የሚያዝ ሲሆን ውፍረቱ ብዙ ጊዜ ከአንድ ማይክሮን በታች ነው። ስለዚህ እህታችን ያነበበችው ጽሑፍ ትርጉም አለው። አንድ አሥረኛ 12 ካራት ማለት ከብረቱ ክብደት አሥረኛው 12 ካራት ወርቅ ነው ማለት ነው። 12 ካራት ደግሞ ግማሹ ብቻ ንጹህ ወርቅ ነው። ስለዚህ ከክዳኑ ሉህ ክብደት 5 ከመቶው ንጹህ ወርቅ ነው። ይህ ከዛሬ ወርቅ ቅብ ብዕሮች ጋር አይወዳደርም። ወርቅ ልብጥ 51 ሰባ ዓመት አልፎት ገና ናሱን ያላሳየ ብዙ ነው።

የት ይበላል ካላችሁ፦ የክሊፑ ኳስ በሚያርፍበት ነጥብ፣ በአፉ ጠርዝ፣ መስመር ያለው ከሆነም በመስመሮቹ አናት ላይ። መስመር ጭረትን ይደብቃል፣ ይህ ትልቅ ጥቅሙ ነው፣ ግን መጀመሪያ የሚታሸው ያ አናት ነው። ናስ ሲገለጥ ቀለሙ ወደ ቀይ ወይም አረንጓዴ ቢጫ ያደላል። በማጉያ ሲታይ ግልጽ ነው፣ በቢጫ መብራት ስር ግን ሊያታልል ስለሚችል በቀን ብርሃን እዩት።

እዚህ ባሕረ ሰላጤ ዳር ላብና ጨዋማ እርጥበት አለ። የተገለጠ ናስ እዚህ ቶሎ ያረጃል። ወርቁ ራሱ ግን ምንም አይሆንም። በየምሽቱ በደረቅ ጥጥ ጠረግ አድርጎ ማስቀመጥ ይበቃዋል። መወልወያ ቅባት የሚባለውን ወርቅ ልብጥ ላይ ማስነካት ለእኔ ክልክል ነው፤ እያንዳንዱ ማሸት ከዚያ አሥረኛ ላይ ይቀንሳል።

---

ማኅደር21

የኔ ወርቅ ልብጥ አፉ ላይ ናስ አውጥቷል። ወርቅ ቤት ወስጄ ባስቀባውስ?

---

ዶሃ_ማስታወሻ

ተወው። በቅብ የምታገኘው ሌላ ብዕር ነው።

---

ግርማ_ሞገስ (ቶሮንቶ)

እዚህ ላይ አልስማማም። ብዕሩ ሙዚየም ውስጥ አይደለም። ባለቤቱ በየቀኑ ሊይዘው ከፈለገና ናሱ ካስከፋው ቢያስቀባው ምን ነውር አለው? ሲሸጠው ተቀብቷል ብሎ ይናገር፣ በቃ። ስንቱን ቤት እያሳደስን እንኖራለን፣ ብዕር ላይ ሲደርስ ለምን ክልክል ይሆናል?

---

ሰገነት_ላይ

ወንድሜ፣ ነውር ስለሆነ አይደለም። ከመቀባቱ በፊት ገጹ መወልወል አለበት፣ አለዚያ ቅቡ አይይዝም። ስትወለውለው እነዚያ ቀጫጭን መስመሮችና የተቀረጸው ጽሑፍ ይሳሳሉ። ልብጡ ላይ የቀረው ወርቅም አብሮ ይሄዳል። ከዚያ ላዩ ላይ ከአንድ ማይክሮን ያነሰ ቅብ ይደረግበታል፣ እሱም በጥቂት ዓመት ይለቃል። ወፍራሙን ከፍለህ ስሱን ትገዛለህ ማለት ነው።

---

የአንጥረኛ_ልጅ

ሁለታችሁም የያዛችሁት እውነት አለ። እኔ ብጠየቅ የምለው ይህን ነው፦ የተገለጠው አፉ ላይ ብቻ ከሆነ አይቀባ፣ ሙሉ ገጹ ናስ ከሆነ ግን የሚጠፋ ነገር የለም፣ ይቀባ። ሲቀባም ሠራተኛው በማሽን እንዳይወለውለው ንገሩት፤ በእጅ፣ በጨርቅ ብቻ። ብርጭቆ ወረቀት ያነሳ ሰው ካያችሁ ብዕራችሁን ተቀብላችሁ ውጡ።

---

ግርማ_ሞገስ

እንደዚህ ከሆነ ተስማማሁ። መስመሮቹ እንደሚሳሱ አላሰብኩትም ነበር።

---

በራሪ_ብረት (ፍራንክፈርት)

ማንም ፍላይተርን ሳያነሳ እንዳይዘጋ። ፓርከር 51 ፍላይተር በ1940ዎቹ መጨረሻ የወጣ፣ ክዳኑም ቀፎውም የማይዝግ ብረት የሆነ ነው፤ ክሊፑና መሐሉ ላይ ያለው ቀለበት ብቻ ወርቅ ልብጥ ናቸው። ሉስትራሎይን የሚወድ ሰው ፍላይተርን ሲያይ ሙሉውን ያገኛል። ሉሳይት ቀፎ ላይ ክዳን ከኋላ ሲሰካ የብረቱ ጠርዝ ፕላስቲኩን ይጭራል፤ ፍላይተር ላይ ብረት በብረት ላይ ስለሆነ የሚቀረው ስስ ቀለበት ነው።

ጉድለቱን ልናገር። ክረምት ላይ ከውጭ ስገባ ጣቴን ያቀዘቅዘዋል፣ ለመሞቅም ጊዜ ይወስዳል፤ የማይዝግ ብረት ሙቀትን ከብር እጅግ አሳንሶ ነው የሚያስተላልፈው። ጣት ላይም ይንሸራተታል። ክብደቱን ግን እወደዋለሁ፣ መጫን ሳያስፈልገኝ ይጽፋል።

ይህን የክብደት ነገር በሌላ ብዕርም አይቻለሁ። ላሚ 2000 በ1966 በጌርድ ሙለር ንድፍ የወጣው በማክሮሎን ፕላስቲክ ነበር፤ በኋላ ሙሉ ብረት የሆነው ሲመጣ ያው ቅርጽ ከእጥፍ በላይ ከበደ። ቅርጹ አንድ፣ ገጹም ሁለቱም ላይ በጥቃቅን ጭረት የተለሰለሰ ነው፤ እጅ ላይ ግን አንድ አይደሉም። አንድ ሰዓት የሚጽፍ ሰው ማክሮሎኑን ይመርጣል፣ ፊርማ የሚፈርም ብረቱን። ስለዚህ ብረት ስትመርጡ ምን ያህል እንደምትጽፉም አስቡ።

ፓርከር ቲታኒየምም ሞክሮ ነበር፣ ቲ1 የሚባለውን በ1970። ቲታኒየም ከብረት ብዙ ይቀላል፣ ግራጫውም ጠቆር ያለ ነው። ለመሥራት ስላስቸገረ ወዲያው ተተወ።

---

የቀለም_ቀንድ

@በራሪ_ብረት፣ ክዳን ከኋላ ስለመሰካት ያነሳኸው ጥሩ ነው። አራቱንም ሰክቼ ጽፌባቸው ነበር። ብሩ ሲሰካ የብዕሩ ሚዛን ወደ ኋላ ሄደ፣ ሉስትራሎዩ ግን እዚያ ላይ መኖሩ እንኳን አልተሰማኝም። የአማርኛ ፊደል ስጽፍ ይህ ለውጥ ያመጣል። «ጨ»ን፣ «ሾ»ን፣ «ቋ»ን የመሰሉ ብዙ እግርና ቀለበት ያላቸው ፊደላት ላይ እጄ በትንሽ ቦታ ደጋግሞ ስለሚዞር ኋላው የከበደ ብዕር ይጎትተኛል። እንግሊዝኛ ስጽፍ ይህን ያህል አልታወቀኝም።

---

ተማሪው_ነኝ (ባሕር ዳር)

ውይይቱን በደስታ እያነበብኩ ነው፣ ግን እናንተ የምትሏቸው ብዕሮች ለኔ ሩቅ ናቸው። በትንሽ ገንዘብ ያንን የደበዘዘ የብረት ክዳን የት አገኛለሁ?

---

ሰገነት_ላይ

ወንድሜ፣ ሂሮ ፈልግ። የሻንጋዩ ሂሮ 100 በፓርከር 51 አምሳል የተሠራ ነው፤ ኒቡ እንዲሁ ተሸፍኗል፣ ክዳኑም ብረት ነው። ከእሱ በታች ደግሞ ሂሮ 616 አለ፣ ዋጋው በጣም ዝቅ ያለ። የ616 ክዳን ጥራቱ ከብዕር ብዕር ይለያያል፣ ስለዚህ ከቻልክ በእጅህ አይተህ ግዛ። ክዳኑ ሲገባ ሳይላላ መያዙን፣ አፉ ላይም ጣት የሚቧጭር ስለት አለመኖሩን እይ። ገጹ የደበዘዘው ዓይነት አለ፣ የሚያንጸባርቀውም አለ፤ የደበዘዘውን ውሰድ፣ ለዘለቄታው እሱ ነው የሚያዋጣህ።

---

ሰባ_አምስቷ

እኔም የጀመርኩት በሂሮ ነው። ኒቡ ጥሩ ከደረሰህ ለፈተናም ለማስታወሻም ይበቃሃል። ቀለሙን በየጊዜው በንጹህ ውሃ አጥበው።

---

ተማሪው_ነኝ

እሺ፣ አመሰግናለሁ። የደበዘዘውን እፈልጋለሁ።

---

የቀለም_ቀንድ

ውሳኔዬን ልንገራችሁ። ሉስትራሎዩን ይዣለሁ፤ ሦስት ምክንያት አለኝ። ብረቱ ድፍን ስለሆነ ከስሩ የሚገለጥ ሌላ ነገር የለውም። ገጹ ሲታሽ ቀስ ብሎ ይለሰልሳል እንጂ አይላጥም። ከኋላ ሲሰካም እጄን አይጎትተውም። ስፔሻሉ ድፍንነቱ ያው ሆኖ ሳለ ብርሃኑ ስላስቸገረኝ ብቻ ቀረ፤ መስኮት ለሌለው ቢሮ ጥሩ ይሆናል።

ወርቅ ልብጡን ከ@ዶሃ_ማስታወሻ በኋላ በሌላ ዓይን አየሁት። አንድ አሥረኛው ያን ያህል እንደሆነ አላወቅኩም ነበር፣ በማጉያ ሳየውም ክሊፑ በሚያርፍበት እንኳ ናስ የለም። ለበዓል ቀንና ለፊርማ ይቀመጣል። የብሩን ክዳን በጥጥ ብቻ አሽቼ፣ ከክሊፑ ስር ያለውን ጥቁረት ሳልነካ ለወዳጄ እመልሳለሁ።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ሌላ ሉስትራሎይ ክዳን ብቻውን ሲሸጥ አይቻለሁ፣ መጠባበቂያ እንዲሆነኝ ልገዛው እፈልጋለሁ። ሁሉም ክዳን ለሁሉም 51 ይገጥማል?

---

በራሪ_ብረት

አይገጥምም። ዴሚ የሚባል አጠርና ቀጠን ያለ 51 አለ፤ የእሱ ክዳን ለመደበኛው አይሆንም፣ የመደበኛውም ለእሱ። ስለዚህ ሻጩን የክዳኑን ርዝመትና የአፉን የውስጥ ስፋት በሚሊሜትር ለክቶ እንዲነግርሽ ጠይቂው፣ ከዚያ ካንቺው ጋር አነጻጽሪ። መደበኛ ከሆነም ከድሮው ቫኩማቲክ (እስከ 1948) የመጣው በኋለኛው ኤሮሜትሪክ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ይገባል (ሁለቱም ስሞች ብዕሩ ቀለም የሚሞላበትን ዘዴ ነው የሚያመለክቱት)፣ ጥብቀቱ ግን አንድ ላይሆን ይችላል። ውስጡ ቀለበቱን የሚይዙ የብረት ጣቶች አሉ፤ ከደከሙ ክዳኑ ይላላል፣ ብዕሩም ከኪስ ሲወጣ ክዳኑ እዚያው ይቀራል። ውስጡን በፎቶ እንዲያሳይሽ ጠይቂ። በ2021 ገበያ የወጣው አዲሱ 51 ደግሞ ክዳኑ በጥምዝ የሚዘጋ ስለሆነ ከድሮዎቹ ጋር ፈጽሞ አይገናኝም።

---

የቀለም_ቀንድ

የኔው ኤሮሜትሪክ መደበኛው ነው። ሻጩን ልኬቱንና የውስጡን ፎቶ ጠይቄዋለሁ፣ ሲመልስልኝ እዚሁ አስቀምጣለሁ።